«ደብዳቤው ገብቷል»

ረጅም ጽሑፍ ነው። ቡና ካላችሁ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ካልሆነም ሴቭ አድርጉትና ማታ አንብቡት።

በሳምንት አንድ ሁለት ሰው ኢንቦክስ ገብቶ ይጠይቀኛል። «ፕሮጀክት የምትመሪው በምንድን ነው? ትሬሎ ነው አሳና? ኖሽን ይሻላል የሚሉም አሉ፤ አንቺ ምን ትያለሽ?» ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ሥራ የጀመሩ ልጆች ናቸው። አንዳንዴም ሠርግ የሚደግሱ። ድሮ በትዕግሥት እመልስ ነበር፤ ይሄኛው በነጻ ይሠራል፣ ያኛው ስልክ ላይ ይከብዳል፣ ያ ደግሞ ኢንተርኔት ሲቆራረጥ ያናድዳል እያልኩ። አሁን መልሴ አጭር ሆኗል፦ የቱንም ያዙ። አንድም ፕሮጀክት በአፕ ምርጫ ምክንያት ሲሞት አላየሁም።

በምን ምክንያት እንደሚሞት ግን አይቻለሁ። አንዱን በገዛ እጄ ልቀብረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ነው። የምሠራው ትንሽ ግብረ ሰናይ ድርጅት ውስጥ ነው። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ላይ በሶላር የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ለመትከል ፕሮጀክት ይዘን ነበር። ጉድጓዱ ከዓመታት በፊት ተቆፍሯል፤ ውሃም አለው። ውሃውን ያወጣ የነበረው ጄኔሬተር ግን ተበላሽቶ ቆሟል። ስለዚህ ጤና ጣቢያው የሚጠቀመው በአህያ የሚመጣ የጀሪካን ውሃ ነው። እናት ልትወልድ ስትመጣ ቤተሰቧ ቢጫ ጀሪካን ተሸክሞ አብሮ ይመጣል። ይህን መጀመሪያ የሄድኩ ቀን በዓይኔ አየሁ፤ ተመልሼም ቦርዱን የሠራሁት በዚያ ስሜት ነው።

ቦርዱ ያምር ነበር፤ እውነቴን ነው። ስልሳ አራት ካርድ። «የሚሠራ»፣ «እየተሠራ ያለ»፣ «ያለቀ»። ለግዢ አንድ ቀለም፣ ለማኅበረሰብ ሥራ ሌላ ቀለም፣ ለተከላ ሌላ። እያንዳንዱ ካርድ ውስጥ ንዑስ ሥራዎች አሉት፣ ሲያልቁ ምልክት ይደረግባቸዋል፣ መስመሯ እየሞላች ሄዳ አረንጓዴ ትሆናለች። አለቃዬ ስክሪንሾት አንስቶ ለለጋሹ ሪፖርት ላይ ለጠፈው። እኔም ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልፈልግም።

ከስልሳ አራቱ አንዱ «የቀረጥ ነጻ ደብዳቤ» ይላል። ፓምፑና ፓነሎቹ ከውጭ ስለሚመጡ ያለ ቀረጥ እንዲገቡ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጻፍ አለበት። ካርዱ ሦስት ንዑስ ሥራዎች ነበሩት፦ ማመልከቻ ማዘጋጀት፣ ማስፈረም፣ ማስገባት። መጋቢት 12 ቀን ሦስቱም ተጠናቀቁ። አረንጓዴ። ካርዱ ወደ «ያለቀ» ተጎትቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ማንም አላየውም፤ ያለቀ ነገር ማን ያያል?

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ደረሰ። አስተላላፊው ደወለ፤ «ደብዳቤውስ?» አለኝ።

«ገብቷል» አልኩት።

«መግባቱን አልጠየቅኩሽም። ወጥቷል ወይ?»

ይህች ጥያቄ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። አልወጣም ነበር። ስንሄድ ደብዳቤያችን ለአንድ ባለሙያ ተመርቶለት፣ ባለሙያው ሥልጠና ሄዶ፣ ጠረጴዛው ላይ ከሌሎች ፋይሎች ሥር ተኝቶ አገኘነው። ከስድስት ሳምንት በላይ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ የሚያስታውሰው ሰው አልነበረም እንጂ። የሚያስታውሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ። እኔ ግን አረንጓዴ ምልክት አይቼ ተኝቻለሁ።

የተቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ደብዳቤው ሰኔ 19 ወጣ። ዕቃው ሲለቀቅ ሐምሌ ገብቷል። የመጋዘን ኪራዩን ለጋሹ «እኔ ለዚህ አልከፍልም» አለ፤ እውነቱን ነው። ለውሃ ኮሚቴው ሥልጠና ከተያዘው ገንዘብ ላይ ቆርጠን ከፈልን። ከዚያ አይሱዙ ተከራይተን ልንጭን ስንል የድርጅቱ ሾፌር እንዲህ አለ፦ «ያ ወንዝ እኮ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ የጭነት መኪና አያሳልፍም። እስከ መስከረም መጨረሻ አትልፉ።» ፓምፑ የተተከለው ጥቅምት ውስጥ ነው።

በመሀሉ፣ ነሐሴ ላይ፣ ከጤና ጣቢያው ሲስተር ደወለችልኝ። አልተቆጣችም። «እህቴ፣ ውሃው ቀረ ወይስ ይመጣል? ለሰዎቹ ምን ልበላቸው?» ብቻ ነው ያለችው። ያን ቀን ቦርዱን ከፈትኩት። ከስልሳ አራት ካርድ ሃምሳ ስምንቱ አልቋል ይላል። ዘጠና ከመቶ በላይ። ውሃ ግን የለም።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ዘጠና ከመቶ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች ከየት እንደመጡ ማወቅ ይጠቅማል። ካርድና ዓምድ ያለው ቦርድ የጃፓኑ ቶዮታ ፋብሪካ ነው መነሻው፤ ታይቺ ኦኖ የሚባል ኢንጂነር ነው ካንባን የሚባለውን አሠራር እዚያ ያስፋፋው። ትልቅ ሥራን በሰንሰለት አድርጎ የቱ ከየቱ በፊት መምጣት እንዳለበት ማስላትን ደግሞ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለፖላሪስ ሚሳኤል፣ ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ለፋብሪካ ግንባታና ጥገና አዳበሩት። ትሬሎ የወጣው በ2011 ነው፤ ጂራ ደግሞ በ2002 ሲወጣ የተጻፈው በመጀመሪያ ሶፍትዌር ለሚሠሩ ሰዎች ነው። የፋብሪካውም ሆነ የሶፍትዌሩ ሰው የሥራው አብዛኛው ክፍል በእጁ ነው። ኮዱን ይጽፋል፣ ካርዱን ይጎትታል፣ አለቀ። «የሚሠራ፣ እየተሠራ ያለ፣ ያለቀ» ለእሱ ይበቃዋል።

የእኛ ሥራ ግን እንዲህ ነው ወይ? የራሳችሁን ያለፈውን ወር አስቡት። ስንቱን ሰዓት ሠራችሁ፣ ስንቱን ቀን ጠበቃችሁ? ፊርማ፣ ማኅተም፣ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ፣ ፕሮፎርማ፣ የኮሚቴ ስብሰባ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው»፣ «ሲስተም የለም»። የፓምፑን ፕሮጀክት ቆጥሬዋለሁ፤ እኛ እጃችን ላይ የነበረው ሥራ ተደምሮ ሁለት ወር አይሞላም። ፕሮጀክቱ ግን ከአሥር ወር በላይ ፈጀ። ቀሪው መጠበቅ ነው። መጠበቅ ደግሞ ቦርዱ ላይ ቦታ አልነበረውም። «እየተሠራ ያለ» ውስጥ እንዳታስቀምጡት ማንም እየሠራው አይደለም። «ያለቀ» ውስጥ እንዳታስቀምጡት አላለቀም። እኛ «ያለቀ» ውስጥ አስቀመጥነው።

ስለዚህ አቋሜ ይሄ ነው፦ እኛ አገር ውስብስብ ሥራ ወደ ንዑስ ሥራ ሲከፋፈል፣ በዋናነት መከፋፈል ያለበት የምንሠራው አይደለም፤ የምንጠብቀው ነው።

ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። ዴቪድ አለን የሚባለው አሜሪካዊ በ2001 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ ከሌላ ሰው የምትጠብቁትን ለብቻው መዝግቡ ይላል። እሱ ጋ ግን ከብዙ ዝርዝሮች አንዱ፣ ትንሹ ነው። እኛ ጋ ዋናው ነው ባይ ነኝ።

ደብዳቤ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ የምታውቁ ታውቃላችሁ። መዝገብ ቤት ይገባል፣ ቁጥር ይሰጠዋል። ለኃላፊው ይቀርባል። ኃላፊው ዳር ላይ ጽፎ ለአንድ ክፍል ይመራዋል። የክፍሉ ኃላፊ ለባለሙያ ይመራዋል። ባለሙያው መልሱን ያረቃል። ረቂቁ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ይፈረማል። ማኅተም ይመታበታል። ወጪ ቁጥር ይሰጠዋል። ዘጠኝ አካባቢ እርምጃ ነው፤ እያንዳንዱ ላይ ሊተኛ ይችላል። የእኛ ካርድ ግን ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ የያዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ «ማስገባት» ብሎ ጨረሰ። ለሁለት ሰዓት የእኛ ሥራ ሦስት ንዑስ ሥራ ሠርተን፣ ለሦስት ወሩ የእነሱ ሥራ ባዶ።

አሁን እንዲህ ነው የምናደርገው። አራተኛ ዓምድ አለን፤ ስሙ «ጠረጴዛ ላይ» ይባላል። መጀመሪያ «በመጠባበቅ ላይ» ብለነው ነበር፤ ፋይናንሳችን ናት «በመጠባበቅ ላይ ስትሉ እኮ የእኛ ጥፋት አይመስልም» ብላ ያስቀየረችን። ጠረጴዛ ስትል ግን ወዲያው «የማን ጠረጴዛ?» ይመጣል። አንድ ካርድ እዚያ ዓምድ ውስጥ ለመግባት አራት ነገር መያዝ አለበት፦ የደብዳቤው ቁጥር፣ አሁን ያለበት ክፍል፣ ከእኛ ወገን የሚከታተለው ሰው፣ እና ቀጥሎ በአካል የሚኬድበት ወይም የሚደወልበት ቀን። መልሱ ይመጣል ተብሎ የሚታሰብበትን ቀን አንጽፍም፤ እሱን አናውቀውም። የምናውቀው እኛ መቼ እንደምንሄድ ነው። ሰው ሄዶ ሲመለስ ቀኑን ወደፊት ይገፋል፣ ያየውንም በአንድ መስመር ይጽፋል። «ለባለሙያ ተመርቷል፤ ባለሙያዋ ሐሙስ ትገባለች።» ይኸው ነው።

ንዑስ ሥራው የሚሰየመው ደግሞ በውጤቱ ነው። «ደብዳቤ ማስገባት» ሳይሆን «የተፈረመው ደብዳቤ ፋይላችን ውስጥ ነው»። ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ሁለተኛው ላይ በውሸት ምልክት ማድረግ አይቻልም። የቢሮ አማርኛችን ለዚህ ነገር ጠላት ነው። «ተጠይቋል»፣ «ተልኳል»፣ «ተነግሯል»፣ «በሂደት ላይ ይገኛል»። ማን ጠየቀ? ማንን? በየትኛው ሂደት? ባለቤት የሌለው ግስ ነው። እንዲህ ያለ ግስ ቦርዳችን ላይ ሳይ አሁን በቀይ ነው የማደርገው። ባልደረቦቼ የሰዋስው መምህር ይሉኛል፤ ይበሉኝ።

ሌላው የከፈልኩበት ትምህርት የሾፌሩ ነገር ነው። ወንዙ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ እንደማያሳልፍ የሚያውቅ ሰው ድርጅታችን ውስጥ ነበር። ያንን መንገድ ለዓመታት ነድቶበታል። መጋቢት ላይ ብንጠይቀው ኖሮ ያን ጊዜ ይነግረን ነበር፤ እኛም ደብዳቤው ላይ ያለን ጊዜ እስከ ሰኔ 15 ብቻ መሆኑን እናውቅ ነበር። ግን ቦርዱ ላይ አልነበረም። ለምን? ኢሜይል የለውም። አፑ በሰው ቁጥር በዶላር ነው የሚያስከፍለው፤ በነጻው ደግሞ ቢሮ ላለነው ብቻ ነበር የከፈትነው። ሥራውን የከፋፈልነው ላፕቶፕ ያለን አምስት ሰዎች ነን፤ አምስታችንም ወንዙን በዝናብ ወቅት አይተነው አናውቅም።

አፕ ለሾፌሩ ይገዛለት እያልኩ አይደለም። እሱ የሚያስፈልገው መጠየቅ ነው። አሁን አዲስ ፕሮጀክት ስንከፋፍል ኮምፒውተሩን ዘግተን ግድግዳ ላይ ነው የምንለጥፈው። ሾፌሩ፣ ግዢው፣ የመስክ ባለሙያዋ፣ አንዳንዴ በስልክ የወረዳው የውሃ ቴክኒሻን አሉበት። እያንዳንዱን ወረቀት እያነሳን አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን፤ «ይሄ እንዳይሠራ ምን ሊያግደው ይችላል?» ከዚያ በኋላ ነው ወደ አፑ የሚገባው። በመጨረሻው ጊዜ ሾፌሩ «ፓነሎቹን ማን ነው የሚያወርዳቸው? የሰፈሩ ጎረምሶች አጨዳ ላይ ናቸው እኮ» አለ። ሁላችንም ተያየን። ማንም አላሰበውም ነበር።

የሥነ ልቦና ሰዎች ይህን ሞክረውታል። ክሩገርና ኢቫንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2004 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች አንድን ሥራ በየዝርዝሩ ፈልቅቀው ካዩት በኋላ የሚሰጡት የጊዜ ግምት በጅምላ ከሚሰጡት ረዘም እንደሚል፣ ከልክ በላይ የሆነ ተስፋቸውም እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የሚፈለቅቀው ማን ነው የሚለው ግን ትልቅ ነገር ነው። የማያውቀው ሰው ቢፈለቅቀው የሚያገኘው የራሱን ግምት ነው።

እዚህ ላይ ከልክ በላይ የሚከፋፍሉትንም ልንካ። ከኛ ጋር ይሠራ የነበረ አንድ ጎበዝ ልጅ ለአንድ ዐውደ ጥናት ሦስት መቶ አርባ ንዑስ ሥራ አዘጋጅቶ ነበር። «የእስክሪብቶ ቀለም መወሰን» የሚል ነበረበት፤ አልቀለድኩም። ንዑስ ሥራ፣ የንዑስ ሥራ ንዑስ ሥራ፣ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ቱዱኢስት ላይ እስከ አራት ደረጃ መውረድ ይቻላል፤ ስለተቻለ ግን መውረድ የለብንም። ልጁ ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ሙሉ ምልክት ሲያደርግ ይውላል፤ አዳራሹ መያዙን ግን ያረጋገጠ አልነበረም። የዛሬ ሳምንት የሚሠራውን በዝርዝር፣ የዛሬ ሦስት ወር የሚሠራውን በጅምላ ማስቀመጥ ይበቃል። ሲቀርብ ይፈለቀቃል። ከዛሬ ስድስት ወር በኋላ ስላለው ነገር አሥር ንዑስ ሥራ የሚጽፍ ሰው እየጻፈ ያለው ልብ ወለድ ነው።

የአፖቹም ባሕርይ አለ፤ እሱንም ማወቅ ነው። አሳና ላይ ስንሠራ ንዑስ ሥራዎቹ በራሳቸው ጊዜ የፕሮጀክቱ ዝርዝር ላይ አይታዩም ነበር፤ ዋናውን ካልከፈትክ አታያቸውም። ትሬሎ ላይ ደግሞ በያዝነው በነጻው ካርዱ ውስጥ ያለ ዝርዝር ለየራሱ ሰውና ቀን አይሰጠውም። ስለዚህ ንዑስ ሥራ መደበቂያ ይሆናል። እኔ ያወጣሁት ልማድ ቀላል ነው፦ የሌላ ሰው እጅ ወይም የራሱ ቀን ያለው ነገር ንዑስ ሥራ አይሆንም፤ ራሱን ችሎ ካርድ ይሆናል። የቀረጥ ነጻው ነገር እንዲያ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ዓይናችን ላይ ይቆይ ነበር።

ካርድ ሁሉ እኩል መጠን ያለው መሆኑም ያታልላል። «ለምረቃው ባነር ማሳተም» እና «የቀረጥ ነጻ ደብዳቤ» ቦርዱ ላይ አንድ ዓይነት ሳጥን ናቸው። አንዱ ቢቀር ፎቶው ትንሽ ባዶ ይሆናል። አንዱ ሲቀር ደብዳቤው ጉምሩክን፣ ጉምሩኩ መኪናውን፣ መኪናው ወንዙን፣ ወንዙ ጥቅምትን ይዞ ይመጣል። የፖላሪሶቹና የዱፖንቶቹ ሰዎች ሰንሰለቱን ያሰሉት ለዚህ ነበር፤ የትኛው ቢዘገይ ሁሉም እንደሚዘገይ ለማወቅ። ሃምሳ ስምንት ከስልሳ አራት የሚለው ቁጥር ስለዚህ ምንም አይነግረንም። ለለጋሹ በመቶኛ ሪፖርት ማድረግ እንድናቆም አለቃዬን ለመንኩት። አላቆመም፤ ቅጹ ይጠይቃል። ከሥሩ ግን አሁን አንድ መስመር አለ፦ «ሥራውን አሁን የያዘው ይህ ነው፤ ያለበትም ቦታ እዚህ ነው።» አንብበው የሚደውሉት እሷን መስመር ነው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ «አፕ ምን ያደርጋል፣ እድራችን ያለ አፕ ይሠራ የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ፤ ባለፈው አንዱ ኮሜንት ላይ ብሎኛል። እውነት ነው። የእናቴ ሰፈር እድር ሰው ሲሞት በሁለት ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተክላል። ለፋፊው ጥሩምባውን ይነፋል፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው አንድ ሰው ይታወቃል፣ ድስቱን የሚያወጣ ይታወቃል፣ ያልመጣ ይቀጣል። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ስም፤ «እናንተ» የሚባል ነገር የለም። ይህን አደንቃለሁ፤ እኛ ካርድ ላይ ሦስት ሰው ስንጽፍ ሦስቱም አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

ግን እድሩ የሚሠራው ያንኑ ሥራ ነው፤ ለአርባ ዓመት፣ በራሱ ዕቃ፣ በራሱ ሰው። ማንንም አይጠብቅም። ያው እድር አዳራሽ ልሥራ ብሎ ተነሣ። ገንዘቡ አለ፣ ሰው አለ፣ ዳኛው ጠንካራ ናቸው። የቦታው ካርታ ግን የሚወጣው ከሌላ ሰው ጠረጴዛ ነው። ስድስት ዓመት ሆነው። እናቴን ስጠይቃት «ማመልከቻው ገብቷል» ትላለች።

ሳቅኩ። ከዚያ ደግሞ አልሳቅኩም።

«ቴሌግራም ግሩፕ ይበቃል» ለሚሉም፦ ቴሌግራም ለወሬው ጥሩ ነው። ሰኞ የተባለው ነገር ረቡዕ ከልደት ምኞትና ከስቲከር በታች ነው። ግሩፑ ውስጥ «እሺ» ያለ ሰው ምኑን እሺ እንዳለ ከሁለት ሳምንት በኋላ አታገኙትም።

የቀኑንና የሰዓቱን ጣጣ ደግሞ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል። አፑ የሚያውቀው ጁላይ 7ን ነው። አንዷ ባልደረባችን ቀነ ገደቡን «30/10/2015» ብላ አስገባችው፤ በኛ አቆጣጠር ልክ ናት፣ ሰኔ አሥረኛ ወር ነው። አፑ ግን በፈረንጆቹ ኦክቶበር 30፣ 2015 ብሎ ወሰደውና ካርዱ ገና ሳይጀመር ከሰባት ዓመት በላይ አልፎበታል ብሎ በቀይ ቀለመው። ሌላው ለጠዋት ስብሰባ ማስታወሻ «3:00» ብሎ ሞላ። ስልኩ የጮኸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ሚስቱ ምን እንዳለችው አልጠየቅነውም። አሁን የካርዱ ርዕስ ላይ ቀኑን በቃል በአማርኛ እንጽፋለን፣ በአፑ ሳጥን ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ያስገባል። ሰኞ ሰኞ ቼክ ያደርጋል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን እሱም ስም ያለው ካርድ ነው።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገርም አለ፤ ያልፈታሁት። «ጠረጴዛ ላይ» የሚለው ዓምድ ሰው ማሳደጃ እንዳይሆን እፈራለሁ። አንድ ጊዜ አለቃዬ አንዱን ካርድ አይቶ «ሦስት ሳምንት አንተ ጋ ነው» ብሎ ልጁን በሁሉም ፊት ወቀሰው። ልጁ አራት ጊዜ ተመላልሷል፤ ካርዱ ላይ ተጽፏል፣ አለቃዬ ግን አልከፈተውም። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት ሰዉ ሁሉ ካርዱን እዚያ ዓምድ ማስገባት ፈራ፤ «እየተሠራ ያለ» ውስጥ መደበቅ ጀመረ። ወደ ድሮው ተመለስን ማለት ነው። ተነጋግረን አስተካክለነዋል፤ አሁን እዚያ ዓምድ ላይ የሚጠየቀው «ምን ላግዝህ? ማን ጋ ልደውልልህ?» ነው። እንዲያም ሆኖ አለቃ አለቃ ነው፤ በየወሩ ይረሳዋል፣ በየወሩ እናስታውሰዋለን።

ፓምፑ ይሠራል። ባለፈው ሲስተርን ለሌላ ጉዳይ ደውዬላት ከኋላዋ የቧንቧ ድምፅ ሰማሁ፤ ምናልባት እጇን እየታጠበች ነው፣ አልጠየቅኳትም።

ዛሬ ማታ ይህን ስጽፍ «ጠረጴዛ ላይ» ውስጥ አሥራ አንድ ካርድ አለ። አንዱ በኔ ስም ነው፤ ከሄድኩበት ዘጠኝ ቀን ሆኖታል፣ ባለፈው ዓርብ መሄድ ነበረብኝ። ነገ ጠዋት በ3 ሰዓት እዚያው መዝገብ ቤት በር ላይ ነኝ። የኛን 3 ሰዓት ማለቴ ነው።